በምሳ ሰዓት የማይበሉ ሦስት ሰዎች

እኔ የምዘግብበት ቤት አልበላም። ይህን የምነግራችሁ ጨዋነቴን እንድታደንቁልኝ አይደለም። ስለ ጨዋነቴ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጀውሃ ወርዶ እትዬ አሰገደችን ይጠይቅ። የሚሰጡት መልስ ግን ለኅትመት የሚሆን አይመስለኝም።

በዚህ ሙያ ጸጉሬ እስኪሸብት ስቆይ ብዙ ነገር አጥፍቻለሁ። ዜና ተቀድሜአለሁ፤ የሰው ስም አሳስቼ ጽፌ በማግስቱ እርማት አውጥቻለሁ። ይህቺን አንዲት ደንብ ግን አላፈረስኩም። ስለ አንድ ቤት ልጽፍ ከሄድኩ የዚያን ቤት ውሃ እንኳ አልጠጣም፤ የራሴን በኮዳ ይዤ እሄዳለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ጠግቦ ሲጽፍ እጁ ይለግሳል። ሦስት ጠረጴዛ ያላት ክፍል "ሰፊ አዳራሽ" ትሆናለች፤ ባለቤቱም ትናንት ከጎረቤቱ ጋር በፍሳሽ ቱቦ የተካሰሰ ሰው መሆኑ ተረስቶ "በአካባቢው ኅብረተሰብ ዘንድ የተከበሩ" ይባላል።

አለቃዬ ስልክ ደውሎ "ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ምግብ ቤት ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየሆነ ነው፣ ሄደህ ምርጥ ተሞክሮ አምጣ" ሲለኝ ኮዳዬን ሞልቼ ተነሳሁ። ያን ጊዜ ተሞክሮ ሁሉ ምርጥ ነበር። መካከለኛ ተሞክሮ አምጣ ተብሎ የተላከ ዘጋቢ አላውቅም።

በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ሮቢትን የሚያውቃት በሙቀቷ ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፤ ቀጥሎ ሹራቡ። ሮቢት ሲደረስ የሚወልቅ ነገር ስለሚያልቅ አንዱ መስኮት ይከፍታል። ወዲያው ከኋላው ያለው "ነፋስ ይመታኛል፣ ዝጋልኝ" ይላል። እየተቃጠለ ነፋስ የሚፈራ መንገደኛ የእኛ ብቻ ይሁን ወይም የሌላም አገር እንደሆነ አላጣራሁም፤ ስላላጣራሁ አልጽፈውም።

ወደ እትዬ አሰገደች ልመለስ። እትዬ አሰገደች ድሮ እንደማንኛውም የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበር የሚሠሩት። ተሳፋሪው ይቀመጣል፤ አስተናጋጇ ትመጣለች፤ "ምን አለ?" ይባላል፤ ያለው ሁሉ ይዘረዘራል፤ ከተዘረዘረው ውስጥ የሌለው ይታዘዛል። "እሱ አልቋል" ተብሎ ሌላ ይታዘዛል። ምግቡ እየጨሰ ሲመጣ ውጭ የአውቶቡሱ ክላክስ ይጮሃል። የመጀመሪያው ጉርሻና የመጀመሪያው ክላክስ ሁልጊዜ አብረው ነበር የሚደርሱት። ሰው እንጀራውን ጠቅልሎ በእጁ ይዞ ይሮጣል፤ ወጡ በሸሚዙ ላይ እየተንጠባጠበ ኮምቦልቻ ይገባል።

እትዬ አሰገደች ይህን ዓመታት ሙሉ በሩ ላይ ቆመው አዩ። ከዕለታት አንድ ቀን ድስቶቹን ሁሉ ከጓዳ አውጥተው በረጅም ባንኮኒ ላይ ደረደሩ። ሰው ሳህኑን ያነሳል፣ በጣቱ ያሳያል፣ ይጨለፍለታል፣ ሄዶ ይቀመጣል። አስተናጋጅ የለም፤ "አልቋል" የለም፤ ያለቀው ድስት ባዶውን ይታያል። ቤቱንም "ቶሎ ምሳ" አሉት።

አጠገባቸው ለሙስሊም መንገደኛ ምግብ የሚሠሩት ሐጂ ኑሩ ነበሩ። ሐጂ ነገሩን ሁለት ሳምንት በዝምታ ተመልክተው አንድ ጠዋት መጡና "አሰገደች፣ ይህ ግድግዳ ለምን ያስፈልገናል?" አሉ። ግድግዳው ፈረሰ። ባንኮኒው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆነ። በቀኝ በኩል የእትዬ አሰገደች የሥጋ ድስቶች ከነጭ ሳህን ጋር፤ በግራ በኩል የሐጂ ፍየልና ሩዝ ከአረንጓዴ ሳህን ጋር፤ መሐል ላይ ደግሞ ሁለቱም ወገን የሚበላው ሽሮ፣ ምስርና ድንች። የትኛው ሳህን ወደ የትኛው ወገን እንደሚሄድ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። በዚያ አገር ሰው አብሮ እየኖረ ሥጋውን ለይቶ የመብላትን ነገር ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው የሚማረው።

ብዙም ሳይቆይ "ቶሎ ምሳ ቁጥር ሁለት" ተከፈተ። የት? ቢባል ከቁጥር አንድ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ እትዬ አሰገደች እጃቸውን እያደረቁ፣

"ከደሴ የሚመጣው ሰው አይሻገርማ" አሉኝ።

"አስፋልት?"

"አስፋልት። ከወልድያ ድረስ መጥቶ፣ ሰባት ክንድ መንገድ ሲቀረው 'ወዲያ ማዶ ምን አለ?' ይልሃል። ምን ላድርግ፣ ተከትዬው ተሻገርኩ።"

እድገት ማለት ይህ ነው ብዬ ጻፍኩ። ያለ ማጋነን።

ነገሩ ግን ያለ ችግር አላደገም። የመጀመሪያው ችግር ሰልፉ ነበር። አንድ ሰው ሳህን አንስቶ ከባንኮኒው ፊት ይቆማል፤ ዘወር ሲል ከኋላው ሽማግሌ አለ። "አባቴ፣ ይቅደሙ።" "ኧረ ተው ልጄ፣ አንተ ቅደም።" "በፍጹም አይሆንም።" ሽማግሌው ይቀድማሉ። ከዚያ እሳቸው ዘወር ሲሉ ነፍሰ ጡር ያያሉ። ነፍሰ ጡሯ ዘወር ስትል መነኩሴ ታያለች። መነኩሴው ዘወር ሲሉ መጀመሪያ የነበረውን ሰው አይተው "ይህ ምስኪን ቀድሞ የመጣ ነው" ይላሉ። ሰልፉ እንደ ወፍጮ ይዞራል እንጂ ወደፊት አይሄድም።

እትዬ አሰገደች መላ ፈጠሩ። ለትልልቅ ሰዎች ለብቻ ሰልፍ ይኑር አሉ። ይህ ባሰ። ማን ነው ትልቅ ሰው? ሰማንያ የሞላቸው አዛውንት "እኔ ገና ነኝ" ብለው ከወጣቱ ጋር ይሰለፋሉ። አንድ ጎረምሳ ለአንዲት ደርባባ ሴትዮ "እናቴ፣ እርስዎ በዚያ በኩል ነው" ቢላቸው ሴትዮዋ ሳህኑን አስቀምጠው ሳይበሉ ወጥተዋል። ከጎረምሳው ጋር ደሴ እስኪገቡ አልተነጋገሩም አሉ፤ ጎን ለጎን ነበር የተቀመጡት።

ሁለተኛው ችግር "እንብላ" ነው። ተቀምጦ የሚበላ ሰው ሳህን ይዞ የሚያልፍ ሰው ካየ "እንብላ" ማለት አለበት። የተባለውም ቆሞ "ይባረክ" ማለት አለበት። ነገሩ በዚህ አያበቃም። "ኧረ ቅመስ።" "ይኸው እኔም ይዣለሁ።" "ይሁን፣ በሞቴ አንድ ጊዜ።" የቆመው ሳህኑን በአንድ እጁ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ይጎርሳል። አንድ ሰው ከባንኮኒው እስከ ወንበሩ ሲደርስ ግማሽ ጠግቦ ነው፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ደግሞ እሱን ቆሞ ይጠብቃል። እትዬ አሰገደች ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ የሚበላው የሚያልፈውን እንዳያይ። ሰዎቹ ግን ኮቴ በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን አጣመው "እንብላ" አሉ። አንገቱን የታመመ ሰው ሁሉ "ቶሎ ምሳ" ነው ያሳመመኝ ማለት ሲጀምር ጠረጴዛዎቹ ተመልሰው ዞሩ።

ቢሆንም ሰው ለመደ። መላመዱ ራሱ መላ ሆነ። እኔ በሄድኩበት ሰሞን ከሮቢት ቀጥሎ ባለችው ጀውሃ ላይ ቁጥር ሦስት ሊከፈት ነበር። አሁን ቁም ነገሩ ይመጣል፤ ልብ በሉልኝ።

አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ነበረ። ስሙን አልጠቅስም። ይህ ድርጅት "በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ተሳፋሪ አብልታችሁ ካሳያችሁን፣ በዚህ መስመር ያሉን አውቶቡሶች ሁሉ ለምሳ ጀውሃ ይቆማሉ" ብሏል። ካልሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ሐጂ ኑሩ ለጀውሃው ቤት ሲሉ አይሱዙአቸውን ሸጠዋል። እትዬ አሰገደች ደግሞ ቁጥር ሁለትን በሙሉ አስይዘው ተበድረዋል። ያቺ የግማሽ ሰዓት ምሳ ከከሸፈች ጀውሃ ብቻ አትዘጋም፤ የማዶዋም ትሄዳለች። ወጥ የሚሠሩትና እቃ የሚያጥቡት ሴቶች ደግሞ ከሁለቱም ቤት ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ።

ሙከራው የሚደረገው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ወይም ዓርብ ሆኖ ግማሹ ሰው እንዳይጾም አስበውበት ነው። ዋዜማውን ሮቢት አድሬ በማለዳ ጀውሃ ደረስኩ። ቤቱ አዲስ ቀለም ይሸታል። ባንኮኒው ያብረቀርቃል። በሩ ላይ የማንጎና የፓፓያ ሻጮች ከወዲሁ ቦታ ይዘዋል። እትዬ አሰገደች ድስት እየከፈቱ ይዘጋሉ፤ ሐጂ ኑሩ መቁጠሪያቸውን ይዘው ባንኮኒው ጋ ይንጎራደዳሉ።

"ቁርስ በላህ ወይ?" አሉኝ እትዬ አሰገደች ገና ከበሩ ስገባ።

"በልቻለሁ እትዬ።"

"ታዲያ ምሳ እዚህ ነህ።"

ደንቤን ነገርኳቸው። ሰሙኝና ወደ ሐጂ ዞሩ።

"ሐጂ፣ ይኼ ሰው አይበላም አለ።"

"ታሟል?"

"አልታመመም። ደንብ ነው ይላል።"

ሐጂ ትንሽ አሰቡ። "አላህ ይማረው" አሉና መንጎራደዳቸውን ቀጠሉ።

የድርጅቱ ተቆጣጣሪ አቶ ጀማል ከእኔ ቀጥለው መጡ። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው በመዳፋቸው የያዙ ሰው ናቸው። ስንተዋወቅ ወዲያው ተግባባን። እሳቸውም አይበሉም።

"በማጣራው ቤት ከበላሁ ማጣራቱ ምኑ ላይ ነው?" አሉኝ።

ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ። የውሃ ኮዳዬን ዘረጋሁላቸው፤ የራሳቸውን አሳዩኝ።

አቶ ጀማል በዚህ አላበቁም። በመንገዱ ልማድ ሹፌርና ረዳት የሚበሉት በነጻ ነው፤ ያውም ከጓዳ ለብቻ በተዘጋጀ ክፍል፣ ተሳፋሪው የማያየውን ጥብስ። አውቶቡሱ የትኛው ቤት እንደሚቆም የሚወስነው ብዙ ጊዜ ያ ጥብስ ነው። አቶ ጀማል "ዛሬ ሹፌሩም አይበላም፤ ገለልተኛ ነው፤ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ይጠብቃል" ብለው አዘዙ። በመርህ ደረጃ ፍጹም ትክክል ነበሩ። እኔም በመርህ ደረጃ ፍጹም ትክክል ነበርኩ። ጀውሃ ላይ ያን ቀን የነበረው መርህ ለመላው አውራጃ ይበቃ ነበር።

አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ ጋሽ ተፈራ ወርደው እንደ ልማዳቸው ወደ ጓዳ ሲያመሩ አቶ ጀማል አስቆሟቸውና ነገሩን በጆሯቸው ነገሯቸው። ጋሽ ተፈራ ለረጅም ጊዜ አቶ ጀማልን አዩአቸው። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እንግዲህ ይታያችሁ። ሰው ሁሉ ተርቦ ሲገባ ገና በሩ ላይ የሚያየው፣ በምሳ ሰዓት፣ ትኩስ ድስት ፊት ለፊት፣ ጎን ለጎን ተገትረው የማይበሉ ሦስት ሰዎች። አንዱ የሚጽፍ፤ አንዱ ሰዓት የሚያይ፤ አንዱ የተኮሳተረ።

አቶ ጀማል "ጀምሩ" አሉ።

በሰልፉ መጀመሪያ ላይ ሰዎች በሙሉ ተጋፍተው ያሳለፏቸው እማማ የሺ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ኮምቦልቻ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ናቸው፤ ስማቸውንም ሆነ የልጃቸውን ነገር ያወቅሁት ኋላ ነው። ነጭ ሳህን አነሱ። ሊያሳዩ ጣታቸውን ከዘረጉ በኋላ ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ።

"አንተ አትበላም እንዴ ልጄ?"

"እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ አልበላም።"

"ጾም ይዘህ ነው?"

"ጾም አይደለም።"

"አሞህ ነው?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

እማማ የሺ ወደ ማስታወሻዬ፣ ከዚያ ወደ አቶ ጀማል ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ጋሽ ተፈራ ፊት አዩ። ጣታቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

"ሹፌሩም አይበላ" አሉ ለራሳቸው።

ከኋላቸው የቆመው አንድ ባለ ቦርሳ ሰውዬ ነበር። በየአውቶቡሱ አንድ የማይጠፋ፣ ያልተጠየቀውን የሚያስረዳ ዓይነት ሰው ነው። አንገቱን አስግጎ አየኝና ዝቅ ባለ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣

"የጤና ሰዎች ናቸው" አለ።

"ምን ሊያደርጉ?"

"አይታይህም? ይጽፋሉ። አንድ ነገር ቢያገኙ ነው።"

"እና አይነግሩንም?"

"እነሱ እያወቁ አይበሉም፤ ከዚህ በላይ ምን ይንገሩህ?"

ይህን ስሰማ ማረም ግዴታዬ መሰለኝ። የሐሰት መረጃ ፊቴ ሲሠራጭ ዝም ብዬ አላውቅም። ስለዚህ እርጋታዬን እንደጠበቅሁ፣ "የጤና ሰው አይደለሁም። ጋዜጠኛ ነኝ" አልኩ።

የሰልፉ አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ነው?" አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

"ታዲያ ትንሽ ነገር ቢሆን ጋዜጠኛ ይልኩ ነበር?" አለ ባለ ቦርሳው።

ሳህኖች አንድ በአንድ ወደ ክምሩ ተመለሱ፤ ነጩም አረንጓዴውም። የሰልፉ ጭራ ወደ በሩ ዞሮ ወጣና ማንጎ መግዛት ጀመረ። የማንጎ ሻጮቹ ያን ቀን ስሜን ቢያውቁት ኖሮ በየዓመቱ ጸሎት ያደርጉልኝ ነበር። አቶ ጀማል ሰዓታቸውን አዩ። ምንም አላሉም። ገለልተኛ ሰው ምን ይላል?

እትዬ አሰገደች ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ወንድሜ፣ ገደልከን" አሉ። "አንድ ጊዜ ጉረስ።"

"እትዬ፣ ደንቤን ነግሬዎታለሁ።"

"እኔ እኮ አልጋብዝህም። ክፈልና ብላ። እንደማንም ሰው።"

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሆኖም በደንቤ ውስጥ "በክፍያ ከሆነ" የሚል አንቀጽ ስላልነበረ ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ሰዎች ሀብታቸው በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሊጠፋ፣ እኔ የደንቤን መንፈስና ፊደል እየለየሁ ነበር።

ያዳነችን የእማማ የሺ ረሀብ ናት። እማማ የሺ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፤ ማንጎ ደግሞ ጥርስ ይጠይቃል። የነጯን ሳህን ጫፍ እንደያዙ ቆይተው በመጨረሻ ወጥ የምትጨልፈዋን ሴት "ከቀዩ ጣል አድርጊልኝ" አሏት። ተደረገላቸው። እንጀራውን አጠቀሱ፤ ጠቀለሉ፤ ከእንቁላል የሚተልቅ ጉርሻ አበጁ። የሚጎርሱት እሳቸው መስሎን ነበር። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

"አፍህን ክፈት።"

"እማማ፣ እኔ…"

"እናትህ ብትሆን እንቢ ትላለህ? ክፈት።"

ሰው ሁሉ ያያል። በዚያ አገር ያደገ ሰው አንዲት አሮጊት እጇን ዘርግታ ቆማ አፉን ሲዘጋ አይታይም። እኔም ተወልጄ ያደግሁት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከፈትኩ።

ሥራዬን ብዙ ሰው ተመልክቶት አያውቅም፤ ማላመጤን ግን አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ተመለከተው። ማንጎ የገዙት በመስኮት አጮለቁ። በርበሬው የቆላ በርበሬ ነው፤ ሙቀቱ የጀውሃ ነው። ግንባሬ ላብ አወጣ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ።

"አላበው" አለ ባለ ቦርሳው። "ጀመረው።"

ዋጥኩ። ሁሉም ይጠብቃል። እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። "በጣም ይጣፍጣል" ማለት እችል ነበር፤ ሁኔታውም የሚጠይቀው ያንን ነበር። ግን የተጠየቅሁትን በትክክል መመለስ ልማዴ ነው።

"ደህና ነው" አልኩ። "ጨው ግን ትንሽ በዝቷል።"

እትዬ አሰገደች ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ነገሩን ጨርሼ ያበላሸሁት መስሎኝ ነበር። እማማ የሺ ግን ጣታቸውን እየላሱ ለሰልፉ ሁሉ፣

"እውነተኛ ሰው ነው" አሉ። "በጉቦ ቢሆን 'ማር ነው' ይል ነበር። ጨው ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ጨው ማንን ገደለ?"

ነጩ ሳህን ሁሉ ተነሳ። የቀኙ ሰልፍ እንደ ጎርፍ መጣ፤ ይቅደሙ የለ፣ ዘወር ማለት የለ። ማንጎው በየኪሱ ገባ።

ግራው ግን አልተንቀሳቀሰም። አረንጓዴዎቹ ሳህኖች እንደተከመሩ ናቸው። ሐጂ ኑሩ ባንኮኒውን ዞረው ወጡና፣

"ምነው ወንድሞቼ?" አሉ።

"ሐጂ፣ እሱ የቀመሰው የዚያን ነው" አለ ከሙስሊሞቹ ተሳፋሪዎች አንዱ በጨዋ ደንብ። "የእኛን ማን ቀመሰልን?"

ልክ ነው። በማስረጃ ረገድ ምንም አይወጣለትም። ሐጂ ወደ እኔ አላዩም፤ የእኔ ምስክርነት ከመሐሉ ድንች አያልፍም። በቀጥታ ወደ አቶ ጀማል ሄዱ።

"ጀማል፣ ቢስሚላህ በል።"

"ሐጂ፣ እኔ ዛሬ ገለልተኛ ነኝ።"

"ሆድህም ገለልተኛ ነው?"

"ሐጂ፣ ሥራዬ ነው፣ ይረዱኝ…"

"ሰዓትህን ያዝ፤ እሱን ማን ነካብህ? አፍህን ብቻ አበድረኝ።"

ሐጂ በሩዝና በፍየል ሥጋ የሠሩትን ጉርሻ እንዴት አድርገው በአንድ እጅ እንደያዙት እስካሁን አልገባኝም። አቶ ጀማል ዙሪያቸውን አዩ። ሽበት ያለው ሰው ፊታቸው ቆሟል፤ እጁ ተዘርግቷል። "ቢስሚላህ" አሉና ከፈቱ።

ጉርሻ ደግሞ በአንድ አይቆምም። ሐጂ ደገሙ። ሦስተኛውን ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ "ከእኔም" ብለው ሰጡ። የአቶ ጀማል ጉንጭ እንደ ከረጢት ሞላ። "እህስ?" ተብለው ሲጠየቁ መናገር ስላልቻሉ አውራ ጣታቸውን አነሱ። አረንጓዴው ሳህን ተነሳ።

ጋሽ ተፈራ ይህን ሁሉ ቆመው ያዩ ነበር። ወደ እኔ ዘወር ብለው፣

"እንግዲህ እኔ ብቻዬን ምን አጠፋሁ?" አሉና ሳህን አንስተው ተሰለፉ። ተሳፋሪው አሳለፋቸው። መሐል አዳራሹ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያያቸው ቦታ፣ ተቀመጡ። በዚያ መንገድ ላይ ሹፌር በአደባባይ ሲበላ ያየ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ እየበላ መኪናው አይሄድም። ይህን የተረዳ ተሳፋሪ ሁሉ ትከሻው ረገበ፤ ማላመጥ ጀመረ፤ አንዳንዱ ተነስቶ ደገመ። ባለ ቦርሳው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ "ጨው እኮ በዝቷል" እያለ በላ።

አቶ ጀማል አፋቸው ነጻ ሲሆን መጀመሪያ ያደረጉት መዳፋቸውን መክፈት ነበር። ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ወደ እትዬ አሰገደች ሄዱ፤ እኔም ማስታወሻዬን ይዤ ተከተልኳቸው። ሐጂ ኑሩ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

"ግማሽ ሰዓቱ አልፏል" አሉ አቶ ጀማል።

እትዬ አሰገደች እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ደረቅ ነበር፤ ደግመው ጠረጉ። ሐጂ ናቸው የጠየቁት።

"ሲሞላ ስንቱ በልቶ ነበር?"

አቶ ጀማል ሰዓታቸውን መልሰው አዩ።

"ሲሞላ ስንቱ በልቶ ነበር፣ ጀማል?"

"አላየሁም።"

"ምነው? ሰዓቱ በእጅህ አልነበረም?"

"እጄን ጨብጬው ነበር" አሉ አቶ ጀማል ቀስ ብለው። "እየበላሁ ነበር ሐጂ።"

ሐጂ አልሳቁም። እትዬ አሰገደችም አልሳቁም። እኔ ለመጻፍ ጎንበስ ብዬ ስለነበር ፊቴ አልታየም።

"ያላየሁትን አልጽፍም" አሉ አቶ ጀማል በመጨረሻ፣ ሸሚዛቸው ላይ የተገኘችውን አንዲት የሩዝ ፍሬ እያነሱ። "ያየሁትን እጽፋለሁ። ያየሁት ሕዝቡ ሁሉ ሲበላ፣ አንድም ሰው እንጀራ በእጁ ይዞ ሳይሮጥ ነው። በዚህ መስመር እንደዚያ አይቼ አላውቅም።" ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "አንተስ ምን ትጽፋለህ?" አሉኝ።

"ጨው እንደበዛ" አልኩ።

አውቶቡሶቹ ጀውሃ መቆም ጀመሩ። የማዶዋም አልሄደችም። እኔ ዜናዬን በትክክል ጻፍኩ፤ ፍጥነቱን፣ ጨውን፣ እንዲሁም ዘጋቢው ራሱ በሥፍራው ሁለት ጉርሻ መጉረሱን ለአንባቢ ግልጽ አደረግሁ። (ሁለተኛውንም ያጎረሱኝ እማማ የሺ ናቸው፤ እምቢ ለማለት ጊዜ አልነበረም።) አለቃዬ ጨውንም ጉርሻዎቹንም ሰርዞ፣ የቀረውን "የአገልግሎት አሰጣጡ አበረታች መሆኑ ተገለጸ" ብሎ አወጣው። ማን እንደገለጸው እስከ ዛሬ አልተገለጸም።

ከዓመት በኋላ እትዬ አሰገደች ራሳቸው ደወሉልኝ። አጣዬ ላይ ቁጥር አራት ሊከፈት ነው። ከጀውሃ ወዲህ በየቅርንጫፉ አዲስ ሠራተኛ ተቀጥሯል፤ ሥራው መብላት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በነጭ ሳህን አንዱ በአረንጓዴ፣ አውቶቡስ ሲመጣ ተቀምጠው ይበላሉ። መጥቼ ብዘግበው ደስ ይላቸዋል። ኮዳዬን ሞልቼ ሄድኩ።

ከበሩ ስደርስ እትዬ አሰገደች ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ማስታወሻዬን ከእጄ ተቀብለው ባንኮኒው ሥር አስቀመጡት።

"የነጩ ሳህን ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል" አሉ። "ተቀመጥ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ልጽፍ ነው የመጣሁት።"

"ትጽፋለህ። መጀመሪያ ብላ።"

አዲስ ወንበር ላይ፣ በማራገቢያው ሥር፣ ከአረንጓዴው ሳህን ሰውዬ ጎን ተቀመጥኩ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቀና አይልም፤ ዝም ብሎ ይበላል። ከባንኮኒው በስተግራ ሐጂ ኑሩ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። ውጭ አውቶቡሱ ቆመ። ጨው አሁን ልክ ነው፤ ይህንን ማስታወስ አለብኝ እያልኩ ሳላምጥ፣ የመጀመሪያው ተሳፋሪ በሩን ገባ፤ ከኋላው ሰልፍ አስከትሏል። ሳህን ሊያነሳ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

እናቴ አሳድጋኛለች፤ ምን ላድርግ?

"እንብላ" አልኩት።

ሰውዬው ቆመ። "ይባረክ" አለኝ። ሰልፉም ከኋላው፣ እስከ አውቶቡሱ በር ድረስ፣ ቀጥ አለ።